ሁለት ሰው፣ አስር ደቂቃ

ኅዳር 3

አስራ አንድ ቁጥር አልጋ ላይ አራት ሰው ተቀምጦ አገኘሁ። በሽተኛው አምስተኛው ነው። ከሮቢት የመጣ ልጅ፣ ባጃጅ ተገልብጦበት እግሩ በጄሶ የታሰረ። አክስቱ ክንዷን ጄሶው ላይ አስደግፋ ሙዝ ትልጣለች። ተነሱ አልኩ። እሺ ልጄ አሉ። ማንም አልተነሳም… ጭራሽ ጠጋ ጠጋ ብለው ለኔም ቦታ ለቀቁልኝ።

ቁስል የማጥብበት ንጹሕ ትሪ ላይ የሾርባ ፔርሙዝ ተቀምጧል። የማን ነው? ብል "ያንቺ ነው፣ ጠጪ" አሉኝ። ከጎብዬ የመጡ አንድ ሰውዬ ደግሞ አልጋ ተሳስተው የማያውቁትን በሽተኛ ሲያጫውቱ ቆይተው፣ መርቀው፣ ብርቱካን ሰጥተው ሄዱ። በሽተኛውም ማን እንደሆኑ አልጠየቀም። ብርቱካኑን ልጦ በላ።

እንቅልፍ ያጣ በሽተኛ እንዴት ይድናል? ቁስሉስ የመንገዱን አቧራ ሁሉ እየጠጣ?

ቤት ገብቼ ለዋሲሁን ነገርኩት። ባሌ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ሁሉን ነገር ከሩቅ፣ እንደ ካርታ ነው የሚያየው። "በስኩዌር ሜትር ስንት ሰው ይደርሳል?" አለኝ። እራት አቀረብኩ።

ኅዳር 9

ዶክተር ፍሬሰላም ደወለች። የዩኒቨርሲቲ አማካሪዬ ናት። ዘንድሮ የመጨረሻሽ ነው አለችኝ። ሁለቴ አራዝሜያለሁ፣ ሦስተኛ የለም። እስከ ሰኔ ሠርቼ ፈታኞች ፊት ካልቀረብኩ ከትምህርቱ እሰናበታለሁ።

የምማረው የነርሲንግ ዶክትሬት ነው፣ ሥራ ላይ ሆነው የሚሠሩት ዓይነት። ወፍራም መጽሐፍ መጻፍ የለበትም። የምትሠሪበት ክፍል ውስጥ አንድ ችግር ትመርጫለሽ፣ መፍትሔ ትሞክሪያለሽ፣ ለውጡን በቁጥር ታሳያለሽ። በቃ። ሲናገሩት ቀላል ነው… እኔ ግን ይኸው ርዕስ ሳነሳ ስጥል ከረምኩ።

ለምን ፈለግሽው? ብላ ጠይቃኝ ነበር፣ መጀመሪያ ቀን። የታካሚ እንክብካቤን ጥራት ለማሳደግ አልኳት። እውነቱ ሌላ ነው። አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ "ሲስተር፣ እስኪ ዶክተሩን ጥሪልኝ" ተብያለሁ። አንድ ቀን እንኳ "እኔ ነኝ" ማለት እፈልጋለሁ። ይኼ ታዲያ ፕሮፖዛል ላይ ይጻፋል?

ኅዳር 10

ርዕስ ተገኘ። ጠያቂ! ሲያናድደኝ የኖረውን ነገር ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ሌላ ስፈልግ ነበር። ሕጉም ያው ዝግጁ ነው፦ ለአንድ በሽተኛ በአንድ ጊዜ ሁለት ሰው፣ አስር ደቂቃ። ፍሬሰላም ወደደችው።

ኅዳር 22

አማቴ እማማ በላይነሽ ሰሙ። አብረውን ነው የሚኖሩት፤ ከሳቸው የሚደበቅ ነገር የለም።

ጭንቀታቸው ቅሬው ነው። የሰፈራችን ቅሬ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም የያዘ ነው። ሬሳ ይቀብራል፣ ሐዘንተኛ ያጽናናል፣ በሽተኛ ይጠይቃል። ሳይጠይቅ የቀረ አባል በተራው ሲታመም የሚጠይቀው የለም፤ ደንቡ ነው። እማማ ይኼን ደንብ ከጸሎት ቀጥለው ነው የሚያከብሩት።

"እኔ ስሞት ማን ሊቀብረኝ ነው?" አሉ።

የሚቀነሰው መጠየቅ እንጂ መቅበር አይደለም አልኳቸው።

"ያልጠየቀ ሰው ይቀብራል እንዴ?"

ከዚያ ደግሞ ዶክተር ስሆን ሆድ እቀድ እንደሆነ ጠየቁኝ። አልቀድም አልኩ። ታዲያ ምኑን ዶክተር ሆንሽው አሉና ጋቢያቸውን አስተካክለው ወጡ።

ታኅሣሥ 1

ተጀመረ። ዘበኛችን አላምረው የተኝቶ ታካሚዎች በር ላይ ቆሞ ሁለት ሁለት ያስገባል። የቅርብ ዘመድ ይቅደም ብዬው ነበር። ስህተቴ እሷ ናት። የሰፈራችን የሳሊሀ ልጅ ትርፍ አንጀት ተሠርቶለት ተኝቷል፤ እስከ ምሳ ድረስ ዘጠኝ የእናት ልጅ ወንድሞች ተሰለፉለት። አንዱ ከእናትየዋ በዕድሜ ይበልጣል። ሳሊሀን ጠርቼ ስንት ወለድሽ አልኳት። "አንድ" አለች። ወዲያው የሰዎቹን ፊት አየችና "ማለቴ… አንድ አንድ እያልኩ" አለች።

ከሰዓት በኋላ በአጥሩ ላይ በገመድ የግመል ወተት በጄሪካን ሲወርድ ተያዘ። ላኪው አልታወቀም። ተቀባዩም አልታወቀም። አላምረው ምን ላድርገው አለኝ። ምን ይደረጋል፣ ተጠጣ።

ታኅሣሥ 8

የቅሬው ዳኛ አያ ሙዓዊያ ቢሮዬ መጡ። ከማሽላ አጨዳ በቀጥታ፣ ትከሻቸው ላይ ገለባ አለ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"ልጄ፣ በሽተኛ መጠየቅ በኛም በናንተም ሃይማኖት የታዘዘ ነው" አሉኝ። "አንቺ በየትኛው ነው የከለከልሽው?"

"በነርሲንግ" አልኩ። ምን ነክቶኝ እንደሆነ አላውቅም።

ትንሽ አሰቡ። "እሱ መቼ የገባ ነው?"

ስለ ቁስል መመርቀዝ፣ ስለ እንቅልፍ ሁሉ አስረዳኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው "ጠያቂ አያሳጣሽ" አሉ። ምርቃት ነው፣ ሽማግሌ ሁሉ የሚመርቀው። ታዲያ ለምን ደነገጥኩ? አነጋገራቸው ነው… ቀስ አድርገው ነው ያሉት።

ታኅሣሥ 20

ክፍሉ ጸጥ ብሏል! ቁስል ሳጥብ ክርኔን የሚገፋኝ የለም። አልጋ ላይ የተቀመጠ የለም። ከምሳ በኋላ በሽተኛው ሁሉ ተኝቶ ያንኮራፋል፤ እንደዚህ ያለ ሙዚቃ ሰምቼ አላውቅም። በር ላይ የሚመጣው ጠያቂ ከግማሽ በታች ወረደ። ቁጥሩን ለፍሬሰላም በቴሌግራም ላክሁላት፤ ሦስት ጭብጨባ መለሰችልኝ።

አንድ ሽማግሌ ብቻ ከቀትር እንቅልፋቸው ነቅተው ግራና ቀኝ አዩና "ሲስተር… ሞቼ ነው እንዴ?" አሉኝ። ምነው? አልኩ። "ሰው የለማ" አሉ። አይ፣ አልሞቱም ብዬ ትራሳቸውን አስተካከልኩላቸው።

ጥር 6

ተመላላሽ ታካሚው ግን ምን ነካው? ግቢው ሰው በሰው ሆኗል። ሲስተር ሀናን፣ የመጣውን ሁሉ መጀመሪያ ተቀብላ የምትለይ ልጅ፣ ውሃ የምጠጣበት ጊዜ አጣሁ አለችኝ። ሴቱ ሁሉ ወገቡን፣ ወንዱ ሁሉ ራሱን ነው የሚያመው። ብርድ ይሆን? ቆቦ ላይ ብርድ! ወይስ ሕዝቡ በሆስፒታሉ እምነቱ ጨምሮ? ይኼኛው ደስ አለኝ። ሪፖርቴ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩለት።

ጥር 14

ወይ ጉድ።

ረፋድ ላይ ሴቶች ክፍል ስገባ እማማ በላይነሽ የጎረቤታችን አልጋ ሥር ተቀምጠው ገንፎ ያጎርሳሉ። ሁለቱ የተፈቀዱት ጠያቂዎች አጠገባቸው ቆመዋል። እሳቸው በምን ገቡ? እጃቸው ላይ የታካሚ ካርድ!

"ወገቤን አሞኝ ነው" አሉኝ። ጠዋት ውሃ በጄሪካን ተሸክመው አይቻቸዋለሁ።

አላምረውን ጠራሁት። ታካሚ እንዳትከለክል ብለሽኛል አለ። ብዬዋለሁ። ካርድ ያወጣ ሰው ግቢ ይገባል፣ ወረፋው እስኪደርስ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ወዲያ ወዲህ ሲል ተኝቶ ታካሚዎቹ ጋ ይደርሳል። በዚህ በኩል የሚመጣውን አላምረው አይቆጥረውም፤ ታካሚ ነዋ። ቅሬው ተሰብስቦ መክሮበት ኖሯል። ሴት ወገቤን፣ ወንድ ራሴን ይበል የተባለው እንዳይምታታ ነው። ዋሲሁን ራሱ ያውቃል! "ስብሰባው ላይ ነበርኩ፤ ግን እጄን አላወጣሁም" አለኝ። ይኼን ሰው ነው ያገባሁት።

ጠያቂው አልቀነሰም ማለት ነው። በሌላ በር ነው የገባው። ለፍሬሰላም የላክሁት ቁጥር ሁሉ ውሸት ሆነ… ሰኔ ላይ ምን ይዤ ልቀርብ ነው?

ጥር 15

ልንገራት? … ነገ።

ጥር 16

ነገ።

ጥር 18

ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? ብዬ ዋሲሁንን ጠየቅሁት። ጣቱን ማጠፍ ጀመረ። ቅሬው፣ ካርድ ክፍል፣ አላምረው፣ እናቱ፣ የእናቱ ጓደኞች፣ በባጃጅ ያመጧቸው ልጆች… ጣት አነሰው። ግማሽ ቆቦ የሚያውቀው ምስጢር ነው። እኔ ብቻ ነኝ ዘግይቼ የሰማሁት።

ደወልኩላት። ሁሉንም ነገርኳት። መሃል ላይ ኔትወርክ ሄደ ብዬ ሃሎ ሃሎ አልኩ። አለሁ አለች። አልተቆጣችም፣ ግን አላጽናናችኝም። ሰኔ ቅርብ ነው፣ አስቢበት ብላ ዘጋችው። ስልኩን ይዤ ትንሽ አለቀስኩ። እማማ በር ላይ ቆመው አዩኝና ወገባቸውን በእውነት እንደሚያማቸው ነገሩኝ፣ ካስደሰተኝ ብለው።

ጥር 21

ዛሬ ክፋት አሰብኩ። ለሀናን እንዲህ አልኳት፦ ካርድ ያወጣ ሁሉ፣ ወገቤንም ይበል ራሴን፣ ይመዘን፣ ሙቀቱ ይለካ፣ ደም ግፊቱ ይለካ፣ አንድ ጊዜ ሳይሆን አርፎ ደግሞ ሁለተኛ ይለካ። ሙሉ ረፋድ ፀሐይ ላይ ይሰለፉ። ይሰለቻቸውና ይቀራሉ።

የራያን ሰው በፀሐይ ላስፈራራው ማሰቤ!

ጥር 27

አልተሰላቹም። ወደዱት።

ወረፋው ላይ የሚወራው ሁሉ ግፊት ሆኗል። ስንት መጣልህ? መቶ ሃያ። አይ፣ እኔ መቶ ሰባ አምጥቻለሁ! ብዙ ያመጣ የበለጠ መስሏቸዋል፣ እንደ ፈተና ውጤት። አንድ የጎብዬ ገበሬ መቶ አስር ሲባል ተቆጣ፤ ጓደኛው መቶ ስልሳ ተሰጥቶት ለኔ ለምን ይቀነሳል ብሎ ሀናንን ሊከስ ነበር። ሀናን የሳቀችው ቆማ አይደለም፣ መሬት ላይ ተቀምጣ ነው።

የካቲት 2

አያ ሙዓዊያ መጡ። የሮቢት አማቻቸው ተኝቷል፣ እሱን ሊጠይቁ። በደንባቸው መሠረት ካርድ አውጥተው፣ ራሴን ብለው ተሰለፉ። ሀናን ለካቻቸው። ደግማ ለካች። ሌላውን ክንድ ለካች። ከዚያ እኔን አስጠራችኝ፤ ድምፅዋ ልክ አልነበረም።

ሁለት መቶ አስር በመቶ ሃያ።

እሳቸው ኩራት ብጤ ፊታቸው ላይ አለ፤ የዕለቱ አንደኛ ናቸው። ተኙ አልኳቸው። ነገሩ ሲገባቸው ፊታቸው ተለወጠ።

"አላመመኝም እኮ! ውሸቴን ነው" አሉ። "ወላሂ ውሸቴን ነው፤ ሰው ልጠይቅ ነው የመጣሁት።"

"ራስዎን አያምዎትም?"

"ራሴንማ ያመኛል፣ ከርሞብኛል። ለዚህ እኮ ነው እሱን ያልኩት። ሰው ሲዋሽ በሚያውቀው ነው።"

ዶክተር አማኑኤል፣ ወጣቱ ሐኪማችን፣ መጥቶ አየና በዚያው አስተኛቸው። መድኃኒቱን ራሴ ሰጠኋቸው። ይኼን ግፊት ይዘው ማሽላ ሲያጭዱ፣ ስብሰባ ሲመሩ፣ እኔን ሲከራከሩኝ ከርመዋል። ቢሮዬ ድረስ የመጡ ቀን ለክቻቸው ቢሆንስ? ስለ ታካሚ እንክብካቤ ሳስተምራቸው ነው የዋልኩት…

የካቲት 4

ዳኛው ተኝቶ ቅሬው ይቀራል? ካርድ ክፍሉ ካርድ ጨረሰ። ሚስታቸው እቴ ሀሊሜ በእርጎ፣ ሌላው በዶሮ፣ ሌላው በምርቃት። ትናንት ወርዶላቸው የነበረው ግፊት ዛሬ እንደገና ሲወጣ አየሁ። ሰው መሃል የመለኪያውን ቀበቶ ክንዳቸው ላይ ሳስር ጎተት አድርገው አስጎነበሱኝ።

"አስወጪልኝ" አሉ በሹክሹክታ።

እርስዎ ያስወጡ፣ ዳኛ ነዎት አልኳቸው።

"እኔማ እንዴት ብዬ? ጠያቂ አስወጣ እባላለሁ። ያንቺ ስም እንደሁ ቀድሞ ጠፍቷል።"

እንዲህ ያለ ክብር ተሰጥቶኝ አያውቅም። ቀና አልኩና በጠፋው ስሜ አስወጣኋቸው፣ እቴ ሀሊሜ ብቻ ሲቀሩ። እየወጡ አንዳንዱ ልቧ ድንጋይ ነው አለ። አያ ሙዓዊያ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ራሳቸውን በሐዘን ነቅንቀው "ምን ታደርጉታላችሁ፣ ሕግ ነው" አሉ። በሩ ሳይዘጋ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

የካቲት 6

ከሀናን ጋር ቁጭ ብለን ሰሞኑን የተለኩትን "ውሸታሞች" አየናቸው። ከአራቱ አንዱ ግፊት አለበት። አብዛኞቹ አያውቁም። ሀናን ሰዎቹን አንድ በአንድ ስትነግራቸው ያሉትን አጫወተችኝ፦ ጤና ጣቢያ ሄደው ያውቃሉ? አልሄድንም። ለምን? አሞን አያውቅም።

ለራሳቸው አይመጡም። ለሰው ግን በካርድም በአጥርም ይመጣሉ፣ ይዋሻሉ፣ ፀሐይ ላይ ይቆማሉ። እኔ ደግሞ ስከለክል የከረምኩት ይኼን ነው። ሞኝ ነሽ ቆንጅት።

በር ላይ ልለካቸውስ? ያለ ካርድ፣ ያለ ውሸት?

የካቲት 8

አያ ሙዓዊያ ዛሬ ወጡ። ከመውጣታቸው በፊት ሐሳቤን ነገርኳቸው። በር ላይ ጠረጴዛ አደርጋለሁ፣ የመጣው ሁሉ ይለካል፣ ሁለት ሰው ግን ብቻ ይገባል አልኩ። የቀረው አይስማማም አሉ፤ ሳይጠይቅ ቀረ ተብሎ እሱ ሲታመም ጠያቂ ሊቀርበት ነው። ልክ ናቸው። ደንቡ እዚያው ነው፣ እኔ ሳልነካው የቆየሁት። ታዲያ ደንቡን አሻሽሉታ አልኳቸው፤ በር ላይ የተለካ እንደጠየቀ ይቆጠር። ሁለቱ የሁሉንም ሰላምታ ይዘው ይግቡ፣ አንድ ከክርስቲያኑ፣ አንድ ከሙስሊሙ።

ጺማቸውን ዳበሱ። ቅሬው ይሰብሰብና እንየው አሉ። ክኒናቸውን ይዘው፣ በእቴ ሀሊሜ ተደግፈው ሄዱ።

የካቲት 15

አለፈ! ዋሲሁን በዚህኛው ስብሰባ እጁን አወጣ። አያ ሙዓዊያ ደንቡን ሲያውጁ ቃላቸውን አጭር አድርገው ነው አሉ፦ "በር ላይ የተለካ ጠይቋል።" ከመሃል አንዱ በሽተኛውን ሳያይ? ብሎ ቢነሳ፣ "እኔ ተኝቼ ሳለ መጥተህ አይተኸኛል፤ ምን ረባኝ?" ብለው አስቀመጡት። እማማ ናቸው የነገሩኝ። አሁን መቀበራቸው እርግጥ ስለሆነ ፊታቸው በርቷል።

ፍሬሰላም ደግሞ ርዕስ መቀየር አይቻልም አለች። የከሸፈውን ሳትደብቂ ጻፊው፣ ከዚያ የሆነውንም ጻፊ፤ ፈታኞቹ ግን ላይወዱት ይችላሉ። ፈራሁ። ግን ጀመርኩ።

መጋቢት 3

ጠረጴዛችን በሩ አጠገብ ካለችው ኒም ዛፍ ሥር ናት። ሁለቱ ጾሞች አንድ ላይ ስለገቡ ፔርሙዝም ዶሮም የለም፤ ሰው ባዶ እጁን መጥቶ ክንዱን ይሰጣል። ሰላምታውን ይልካል፣ ይመርቃል፣ ይሄዳል። ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ። ጸጥታ። አሁን እውነተኛው ጸጥታ።

መድኃኒት የታዘዘለት ሁሉ አይውጥም፤ ምንም ሳያመኝ ለምን እውጣለሁ ይላል። ይኼንንም ቅሬው ያዘው፤ ክኒኑን የተወ ሰው ስሙ በስብሰባ ይነሳል። አያ ሙዓዊያ በስሁር፣ ጎሕ ሳይቀድ ሲበሉ፣ እንደሚውጡ ለሁሉም ይናገራሉ። አላምረው ደግሞ ብዙ ያመጣ እንደማያሸንፍ ለገባው ለወጣው ያስረዳል፤ አንዳንዱ ቅር እያለው ይቀበላል።

ግንቦት 11

ሙቀት። ላፕቶፑም ግፊት ይዞታል፣ በየሰዓቱ ይጠፋል። እጽፋለሁ፣ እሰርዛለሁ። እንቅልፍ የለም። ዋሲሁን ሠንጠረዦቹን ያስተካክላል፤ አንዱ ላይ የቆቦን ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ ጽፎበት አገኘሁ።

ሰኔ 11

ቀረብኩ።

ሦስት ፈታኞች። መጀመሪያ የከሸፈውን አሳየሁ፣ በካርድ የገቡትን፣ ሴት ወገቤን ወንድ ራሴን ያለውን። መሃል ላይ ያለችው ሴትዮ አፏን በወረቀት ሸፈነች። ዳር ያሉት አዛውንት ግን አልሳቁም። "እንግዲህ ያቀድሽው አልተሳካም" አሉ።

"አልተሳካም" አልኩ። "ሰው እንዳይመጣ ነበር ያቀድኩት። መምጣቱ ነው የጠቀመው።"

ከዚያ ስለ ቁጥሩ ጠየቁ፣ ስለ ክኒኑ፣ ስለ ቅሬው ደንብ። ቅሬ የሌለበት ከተማ ቢሆንስ? አሉኝ። እንጃ፣ ያኔ ደግሞ የዚያን ከተማ ሰው መጠየቅ ነው አልኩ። አስወጡኝ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ለዋሲሁን ልደውል ስልኬን አወጣሁ። ጠሩኝ። አልፌያለሁ!

አዛውንቱ ሲወጡ ጠጋ አሉኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መለኪያውን ይዘሽው መጥተሻል? አሉኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ለካኋቸው።

ሰኔ 14

ተመለስኩ። አላምረው በር ላይ ሰላምታ ሰጠኝ፣ እንኳን ደስ ያለሽ አለ፣ ከዚያ ግን አላሳለፈኝም። የገባ ሁሉ ይለካል አለ። እኔ ነኝ እኮ! አልኩት። ያንቺ ትእዛዝ ነው አለ። ወረፋው ሁሉ እያየ ክንዴን ለሀናን ሰጠሁ።

መቶ ስልሳ አምስት በመቶ አምስት።

ደግማ ለካች። ሌላውን ክንድ ለካች። ይኼን ነገር አውቀዋለሁ… ከጥር ጀምሮ ስንቱን ስናስለካ አንድ ቀን የራሴን ለክቼ አላውቅም። ለምን? አሞኝ አያውቅማ።

አማኑኤል ክኒን አዘዘልኝ፣ ዕረፍትም ጻፈልኝ። ካርድ ክፍል ስገባ ጸሐፊዋ "ወገብሽን ነው?" አለችኝ።

ሰኔ 16

ቤት ተኝቻለሁ። እማማ ዛሬ በሩን ጠብቀው ዋሉ፣ ከአላምረው ይብሳሉ።

ቅሬው መጣ። በመስኮቱ አየሁት። ሳሊሀ ከነልጇ፣ እቴ ሀሊሜ፣ ልቧ ድንጋይ ነው ያለኝ ሰውዬ ሳይቀር፣ ሁሉም ግቢያችን በር ላይ ተሰልፈዋል። ዋሲሁን ወንበር አውጥቶ በኔ መለኪያ ይለካቸዋል፣ አስተካክሎ አስሮት ከሆነ። ይስቃሉ። ምን እንደሚያስቃቸው አይሰማኝም። ስማቸውን ልጠራ አፌን ከፍቼ ተውኩት።

ሁለት ብቻ ገቡ። አያ ሙዓዊያ ከሙስሊሙ፣ ከክርስቲያኑ ደግሞ እማማ ራሳቸው፣ ከኩሽና መጥተው እንደ እንግዳ ተቀመጡ። አያ ሙዓዊያ የሁሉንም ሰላምታ አንድ በአንድ ነገሩኝ። ራሳቸውን ማመም እንደተዋቸው፣ ማሽላው ዘንድሮ ጥሩ እንደያዘ፣ የሮቢት አማቻቸው እንደዳነ። ወሬያቸው ደስ ይላል። ለካ እንዲህ ደስ ይላል? እኔ እኮ አልጋው ጋ ቆሜ ነበር የምሰማው፣ ተኝቼ አይደለም።

ሰዓታቸውን አዩና ተነሱ።

"ትንሽ ይቀመጡ እንጂ አያ" አልኩ።

"አስር ደቂቃው ሞላ። ሕጉ ያንቺ ነው፣ ዶክተር።"

ዶክተር አሉኝ። አስራ ስምንት ዓመት የጠበቅኳት ቃል ናት። እኔ ግን ያኔ የፈለግሁት እሷን አልነበረም፤ ወንበሩን ይዤ እንዳይሄዱ ነበር የፈለግሁት። እንባዬ መጣ። በሩ ላይ ቆሙና "ጠያቂ አያሳጣሽ" አሉ። ቀስ አድርገው። ያን ቀንም እንዲሁ ነበር ያሉት።

ሄዱ። እማማም ወደ ኩሽናቸው።

አስር ደቂቃ እንዴት አጭር ናት… ማን ነው ያወጣት?